ከባቴ ተነስቶ ሳንባዬ የደረሰው

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያዘኑልኝ ሰዎች ሊገድሉኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የምጽፈው እግሩ ወይም ክንዱ ላይ እብጠት አግኝቶ፣ ዙሪያውን የከበቡትን አዋቂ ነን ባዮች እያዳመጠ ለተቀመጠ ሰው ነው። አንብቦ ከተነሳ ደስ ይለኛል። ካልተነሳም እነዚያው አዋቂዎች ለቅሶውን ያሳምሩለታል፤ በዚህ በኩል ማንም አይችላቸውም።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ያደግኩት ወንጂ አገዳ ውስጥ ነው፣ የምኖረው አዳማ። በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ የናፍጣ ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለድኩም። የሥጋ ዘመድ የምለው ታላቅ ወንድሜን ሽፈራውን ነው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እኔው ሰፈር ይኖራል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ስላልነበረው የኔ ሕመም ጥሩ ሥራ ሆነለት።

አንድ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ላወርድ በርጩማ ላይ ስወጣ ቀኝ ባቴ ከበደኝ። ዳሰስኩት። ከሥጋው ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ጠጣር ነገር አለ። አያምም። የማያም ነገር ደግሞ ምክር ይጠራል እንጂ ሐኪም ቤት አያስኬድም። መጀመሪያ የሄድኩት ፋርማሲ ነው። ሻጩ ከባንኮው ማዶ እንደቆመ፣ ቀሚሴን እንኳ ከፍ ሳላደርግ፣ «ጡንቻ ነው፣ መቆም ያበዛሉ» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። እኔ ሾፌር መጥቶ ሞተሬ ያንኳኳል ሲለኝ መኪናውን ሳላይ ቡሎን አልሸጥለትም። እሱ ግን ባቴን ሳያይ መረመረኝ፣ እኔም አመስግኜው ወጣሁ።

ቅባቱ ምንም አላደረገም። በዚህ ጊዜ ነው ሽፈራው የገባበት። «ሥር ዞሮብሽ ነው» አለኝ። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። እጅ ቢያብጥ ሥር ዞሮ ነው፣ ወገብ ቢያም ሥር ዞሮ ነው፣ አንገት ቢቆለመም ሥር ዞሮ ነው። አንድም ቀን ሥሩ ከየት ወዴት እንደዞረ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ደራ ውስጥ ስሙ የተጠራ ወጌሻ አለ ተብሎ በአሰላ መንገድ ወሰደኝ።

ወጌሻው ደጅ ላይ ተቀብሎን «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን፣ ቅቤ በኩባያ አስመጣና ባቴን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ጣቱን ገና ሳያሳርፍ «ዞሯል» አለ። ሽፈራው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቹ እብጠቱን ወዲያና ወዲህ ይፈጨው ጀመር። እኔ የምጮህ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጮህኩ።

«ቻይው እህቴ፣ ጥቂት ነው የቀረው» አለኝ። «እሽት እሽት ሲል ይበተናል።»

«ይበተናል ጥሩዬ፣ ሰማሽ?» አለ ሽፈራው።

እየተመላለስን አሳሸሁት። በሄድን ቁጥር ወንድሜ ባቴን ይነካና «ለስለስ ብሏል» ይለኛል፤ እብጠቱ ግን የቡና ስኒ አክሎ ነበር። ያ ሰውዬ እንዲበተን የተመኘልኝ ነገር ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ወጌሻው ሲያቅተው ወደ ክሊኒክ ሄድን። አንዱ በአልትራሳውንድ አየና «ውሃ የቋጠረ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሌላው የፀረ ተህዋሲያን መርፌ አዘዘልኝና መቀመጫዬ እስኪደድር ተወጋሁ። ክሊኒኮቹ የሚለያዩት በመጋረጃቸው ቀለም ነው። ሁሉም ውስጥ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ ሁሉም ውስጥ ካርድ የምታወጣው ልጅ ስምሽን ሁለቴ ታስደግማለች። ከሁሉም ዘንድ የምትወጪው መድኃኒት ይዘሽ ነው፤ መድኃኒት ያልሰጠ ሐኪም አይሰማም። አንድ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አዛውንት ሐኪም ብቻ ባቴን ረጅም ጊዜ ዳሰሱና፣ «ይሄ ጥልቅ ነው፣ ጠጣር ነው፣ እያደገ ነው። በመርፌ ናሙና ይወሰድ» አሉ።

ሽፈራው ከዚያ ቢሮ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። መኪና ውስጥ እንኳ ሳንገባ ጀመረኝ።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ነገር ብረት ከነካው አለቀ። ተኝቶ ያለውን ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?»

«ምን ተኝቶ? እያደገ እኮ ነው!»

«ይደግ! የገብሬን ሚስት አላየሽም? ተቀደደች፣ ወር አልቆየችም።»

የገብሬን ሚስት አሳምሬ አውቃታለሁ። ጡቷ ላይ የወጣውን ነገር በሻሽ እየሸፈነች፣ ቅጠል እየለጠፈች፣ እነሽፈራውን የመሰሉ መካሪዎችን እየሰማች ዓመታት ተቀመጠች። ሐኪም ቤት የወሰዷት የሚቆረጥ ነገር ባልቀረ ጊዜ ነው። በመጨረሻ የነካት ቢላ ስለሆነ ገዳዩ ቢላ ተባለ። እስከዛሬ ሰፈራችን ውስጥ መዘግየትን የሚከስ ሰው የለም። ይሄንን ለሽፈራው እዚያው መንገድ ላይ ነገርኩትና በማግስቱ ናሙናውን ሰጠሁ።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። ስማችን ተጠርቶ ስንገባ የተቀበለን ሌላ ወጣት ሐኪም ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሜን አየ።

«የቤተሰብ ሰው ነዎት?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«እርስዎ ይቀመጡ። እናት፣ እርስዎ ውጭ ወንበሩ ላይ ትንሽ ይጠብቁን።»

ባቱ የኔ፣ የተወጋሁት እኔ፣ የተባረርኩትም እኔ። የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ ያኔ ምንም ያልመሰለኝ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ከተመከረበት በኋላ ነው ለባለቤቱ የሚደርሰው። በሽታም እንደዚያው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ ጠበቅኩ። ሽፈራው ፊቱን ታጥቦ ወጣ።

«ውሃ የቋጠረ ነው» አለኝ። «አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል አሉ። ዋናው አለመጨነቅ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። በሕይወቱ አንድ ለስላሳ ጋብዞኝ የማያውቀው ሽፈራው መኪና ተከራይቶ ላንጋኖ ወሰደኝ። ቡናማው ውሃ ለቆዳ ጥሩ ነው እያለ ባቴን እንድነክር አደረገኝ፣ አሳ አዝዞ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ አቀረበልኝ። ባየኝ ቁጥር መነጽሩን እያወለቀ ይጠርጋል። እኔ ደግሞ ሱቁን በስሙ እንዳዞርለት ሊጠይቀኝ ነው ብዬ፣ የምመልስለትን ክፉ መልስ ሳዘጋጅ ዋልኩ።

አዳማ ስመለስ ሱቄ በብርቱካን ተሞላ። የማይጠይቁኝ ሰዎች ይጠይቁኝ ጀመር። ከሁሉ የገረመኝ ግን የምናገረው ነገር ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። አዳማ ውስጥ እኔ ስናገር የማይከራከረኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን የአየር ሁኔታውን ብሳሳት እንኳ «ልክ ነሽ» ይሉኛል። አንድ የማውቀው ሾፌር ያልገጠመለትን ቺንጊያ ሳይመልስብኝ ሄደ። ሕመም እንደዚህ ሰውን ጨዋ ያደርጋል ብዬ ሳስብ ነበር፣ ሞኟ።

በዚህ መሃል ዘነበች መጣች። ዘነበች የጀርባ ጎረቤቴ ናት። የዝናብ ውሃ ማፍሰሻዋን ወደ ግቢዬ አዙራ ቀበሌ ድረስ ተካሰን አስመልሻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ወደ ማዶ እንሻገራለን። እኔ በቁሜ ሳለሁ ይቅርታ የማይታሰብ ነው፣ እሷም ታውቃለች። ያን ቀን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሱቄ ገባችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጥሩዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም። ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንቺን ተቀይሜ ልቀር አልፈልግም።»

ዘነበች በጥፋቷ የምትጸጸት ሴት አይደለችም። የሟች ቂም እንዳይከተላት ነው የመጣችው። ሱቄን ዘግቼ፣ እሷን ደጅ ትቼ፣ እያነከስኩ ሽፈራው ቤት ሄድኩ። ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ዘነበች ይቅርታ ጠየቀችኝ» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ነገራት?» አለኝ።

ምኑን አላለም፤ ማን ነገራት አለ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሁሉም ያውቃል?»

«ለቅርብ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ዘነበች ናት የቅርብ ሰው?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሰው በበሽታው አይሞትም፣ በድንጋጤው ነው የሚሞተው። ሐኪሙም አሳርፏት ነው ያለኝ።»

«እሺ፣ ስሙን ጥራው።»

«ያ በሽታ ነው።»

«ስም የለውም?»

አልጠራውም። ካንሰር ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ከጓዳ «በስመአብ!» ብላ ጮኸች። ካንሰሩን ሳይሆን ቃሉን ነበር የፈራችው። እኔ በዚያ ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ንዴት ነበር። ብርቱካን እየበላሁ፣ ላንጋኖ እየተንቦራጨኩ፣ እነዚህ ሰዎች በኔ ሞት ላይ ተሰብስበው ወስነው ነበር። እያንዳንዷ ያለፈችው ቀን የኔ ነበረች። ያን ዕለት ሽፈራውን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ቄስ የሆነ አንባቢም ይኖራል።

በማግስቱ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ገባን። «ገባን» የምለው ሽፈራው ብተወውም ተከትሎኝ ስለመጣ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ፎቶውን አብርቶ ካየ በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ለእኔ ነገረኝ። ከጡንቻና ከጅማት ዙሪያ የሚነሳ የካንሰር ዓይነት ነው። እግሬን ሳይቆርጥ ሊያወጣው እንደሚችል ነገረኝ፤ መጀመሪያ ግን ደረቴ በሲቲ ስካን መታየት አለበት።

«መቼ ነው ውጤቱን ያወቃችሁት?» ሲል ጠየቀ።

ሽፈራው ኮርኒሱን ያይ ጀመር። እኔም መልሱን ለሱ ተውኩለት።

ስካኑ ላይ ቀኝ ሳንባዬ ውስጥ አንዲት ነጠብጣብ ታየች። ምስር አታህልም። ከባቴ ሳንባዬ ምን አደረሰው ብዬ ጠየቅኩት። ሐኪሙ ወረቀት ገልብጦ ይስል ጀመር። ከእብጠቱ ሴሎች ይላቀቁና ደም ሥር ውስጥ ይገባሉ አለኝ። ከእግር የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ይወጣል፣ ልብ ደግሞ መጀመሪያ የሚገፋው ወደ ሳንባ ነው። ሳንባ ውስጥ የደም ሥሩ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ከፀጉር በታች ይሆናል። ጤነኛ የደም ሴል ተጣጥፎ ያልፋል፤ የካንሰር ሴል ወፈር ስለሚል እዚያ ይቀረቀራል።

«ታዲያ ማጣሪያ ነዋ!» አልኩት። «በማጣሪያ ነው የምተዳደረው ዶክተር። ቆሻሻውን ከያዘ ጥሩ ሠራ ማለት አይደለም?»

ሳቀ። «ግማሹ ልክ ነው። ከተቀረቀሩት አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። የደሙ ግፊት ይቀዳድዳቸዋል፣ የሰውነት ወታደሮችም ያጠፏቸዋል። እርስዎ ሳያውቁት ስንቱ ሞቶ ይሆናል። ግን ማጣሪያ ግዑዝ ነው። የደም ሥር ሕይወት አለው።»

«ሕይወት ካለው ለምን አይገድለውም?»

«ለመጠበቅ ብለው የሚሳሳቱ አሉ። ደም የሚያረጉ ፕላትሌት የሚባሉ አሉ። ቁስል የተፈጠረ መስሏቸው ሮጠው ይመጡና የካንሰሩን ሴል ይከቡታል። በእነሱ ተሸፍኖ ከወታደሮቹ ይደበቃል። ከዚያ የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላላ ይልለታል፣ ተጨምቆ ወደ ሳንባው ሥጋ ያልፋል።»

«ማነው የሚያላላለት?»

«የራስዎ አካል ነው።»

ዞሬ ሽፈራውን አየሁት። «ሰማህ? ዘመዶቹ ከበው ደብቀውት ነው ያመለጠው» አልኩት። ሐኪሙ ነገሩ ስላልገባው ፈገግ አለ፤ ወንድሜ ግን ገብቶታል።

«ካለፈ በኋላስ ምን ይሆናል?» አልኩ።

«አንዳንዱ ይሞታል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቆያል። አንዳንዱ ያድጋል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የድሮ ቁስል ጠባሳም ልትሆን ትችላለች። እግሩን እንጨርስና ደግመን እናያታለን።»

በዚያ ሁሉ መንከራተት ውስጥ አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ፋርማሲው ያውቃል፣ ወጌሻው ያውቃል፣ ክሊኒኩ ያውቃል፣ ወንድሜ ያውቃል፤ የተማረው ብቻ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ አመንኩት።

እግሬን ቀደደው፤ ከባቴ ሥጋ ብዙ ወሰደ፣ እግሬን ግን አተረፈልኝ። ቀጥሎ የጨረር ሕክምና ነበረ። የጨረር ወረፋ ምን እንደሆነ ላላየው ሰው ማስረዳት አይቻልም። ከጎህ በፊት መጥተሽ ቀድሞሽ የመጣ ታገኛለሽ። መተላለፊያው ውስጥ ሰው ሁሉ የሌላውን ሰው የሬድዮ ድራማ ያህል ያዳምጣል፤ የዳነ ዘመድ ያለው ይናገራል፣ የሞተበት በይበልጥ ይናገራል። አንዲት ከመተሐራ የመጣች ሴት ብቻ ምንም ሳትጠይቀኝ ቆሎዋን መሃላችን ዘርግታ ዝም አለች። ስሟን አልጠየቅኳትም። ከዚያ ሁሉ ሰው ባገኛት የምወደው እሷን ነው።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ነጠብጣቧ ታድጋለች ወይስ አታድግም፣ ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። ሰው ፍርሃት ማታ ይመጣል ይላል። የኔ የሚመጣው ከቀትር በኋላ፣ የአዳማ ሙቀት ሱቁን ባዶ ሲያደርገው ነው። የማጣሪያ ካርቶን እያየሁ፣ አሁን በዚህ ሰዓት አንዲት ሴል በዚያች ፀጉር በምታህል ሥር ውስጥ ተጣብቃ ይሆናል እላለሁ። ትንፋሼን ስቤ እይዛለሁ፤ ብይዝ ምን እንደማደርጋት እንጃ። እንዳልሞት ፈራሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ሰፈሩ ሊደሰትበት ይችላል ብዬ ነው።

ምክር ሰጪዎቹ ደግሞ አልተኙም። አንዷ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አመጣች። አንዱ ስኳር ካቆምሽ ካንሰሩ ይራባል፣ ይሞታል አለ፤ በሻዩ ውስጥ ግን ስንት ማንኪያ እንደሚጨምር አይቻለሁ። ዘነበች ይቅርታዋ ባክኖባት ኖሮ፣ ሳልሞት ስትጠብቅ ሰለቻትና ማፍሰሻዋን መልሳ ወደ ግቢዬ አዞረችው። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ያ ነው። እንደ ጤነኛ የቆጠረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛው ስካን ነጠብጣቧ እንዳደገች አሳየ። ሐኪሙ ሳይለሳለስ ነገረኝ፣ አንድ ብቻ ስለሆነች ግን ልትወጣ ትችላለች አለኝ። ጎኔን ከፍተው የሳንባዬን ቁራጭ ቆርጠው አወጡ። ካንሰር ነበረች፤ የባቴው ልጅ። ስነቃ ከጎኔ ቱቦ ተተክሎ ነበር፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይወጋኛል። ሳንባው እንዲነፋ ብለው የሐኪም ጓንት ሰጥተው ንፊ አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ አልጋ ላይ ተቀምጬ አምስት ጣት ያለው ፊኛ ስነፋ የሚያይ ሁሉ ይስቃል። ሽፈራው ግን አልሳቀም። ጓንቱ በተነፋ ቁጥር «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያለ ያለቅስ ነበር። አታልቅስብኝ፣ ቀብር አስመሰልከው ብዬ አባረርኩት፤ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል ሐኪሙን የጠየቀው እሱ ነው።

«ዶክተር፣ ወደ ሳንባዋ የሰደደው መርፌው ነው?»

«መርፌው አይደለም። ያተረፋት መርፌው ነው።»

«መታሸቱስ? መደበቄስ?»

«መታሸት አልነበረበትም። መዘግየትም አልነበረበትም። ግን ያቺ ሴል መቼ ከእግሯ እንደወጣች የሚያውቅ ሰው የለም። ከወጌሻው በፊትም ወጥታ ሊሆን ይችላል።»

ሽፈራው ተንፍሶ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ደግሞ አዘንኩ። ፍርዱን በእሱ ላይ ስጠብቅ ነበር፤ ሙሉ ጥፋተኛ ሳይሆንልኝ ቀረ። ግማሽ ጥፋተኛን እንዴት እንደሚጠሉት እስከዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ በሩን እከፍትለታለሁ፣ ቁርስም እንበላለን። የሚያወራው ሲበዛ እንደ ድሮው ዝም በል እለዋለሁ።

አሁን በየጥቂት ወሩ ለክትትል እሄዳለሁ። እስካሁን ሳንባዬ ንጹህ ነው። ዳንኩ አልልም፤ ሐኪሙም አይልም።

ባለፈው ክትትል ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አዳሚ ቱሉ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ታላቂቱ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ አባታችን አያውቅም። ጨጓራ ነው ብለነዋል። እባክዎ ስለ በሽታ እንዳያወሩት።»

ደሜ ፈላ። የምመልስላት ቃል አፌ ላይ ሞልቶ ሳለ ለካርድ ጠሯቸውና ሁለቱም ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንቺን ምን አገኘሽ?»

«ካንሰር ነው አባቴ» አልኳቸው ድምፄን ሳልቀንስ። «ከባቴ ተነስቶ ሳንባዬ ገብቶ ነበር። ሁለቱንም አወጡልኝ።»

ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «የኔም እሱ ነው» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ለጨጓራ ብላ ልጅ ከባሏ ቤት ከሐዋሳ ድረስ ትመጣለች? ልጆቼ ግን ማወቄን አያውቁም። እንዳይደነግጡ ብዬ ዝም አልኩ።»

ለልጆቹ ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ተውኩት። «ታዲያ ሐኪሙን ምንም ጠይቀው አያውቁም?» አልኳቸው።

«እንዴት ልጠይቀው? ሁልጊዜ የሚገቡት እነሱ ናቸው።»

«ቢገቡ ምን ይጠይቁታል?»

መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ። «የመስኖ ውሃ ተራዬ ደርሷል» አሉ። «ሽንኩርቱን ልትከል ወይስ መሬቱን ለወንዱ ልጄ ልልቀቅለት? ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ስማቸው ተጠራ። ልጆቹ ከመስኮቱ እየሮጡ መጡ። «አባ፣ አንተ ቁጭ በል፣ እኛ እንግባ» አለች ታላቂቱ፣ ትከሻቸውን ይዛ። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፣ እጇን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ።

«እኔው እገባለሁ» አሉ፤ ገብተውም በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የታላቂቱ ዓይን ቀልቶ ነበር። «ምን ነገሩት?» አለችኝ።

«እኔ አልነገርኳቸውም፣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው» አልኳት። «እናንተ እንዳትደነግጡ ብለው ነው ዝም ያሉት።»